የተጫነ ተሽከርካሪ በኩርባ ላይ የሚገለበጥበትን ፍጥነት አስቀድሞ ማስላት፦ ለጭሮና ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች መንገድ ተጠቃሚዎች

ተሽከርካሪ በኩርባ ላይ ሲገለበጥ አደጋው ብዙውን ጊዜ ድንገተኛ ተብሎ ይገለጻል። ሆኖም አንድ ተሽከርካሪ በአንድ ኩርባ ላይ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚገለበጥ በአመዛኙ የሚወሰነው ከመናኸሪያው ወይም ከመጫኛው ቦታ ከመነሣቱ በፊት ነው። ጭነቱ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተደረደረ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎች ምን ያህል እንደተራራቁ፣ እንዲሁም ጭነቱ በጉዞ ላይ የሚንቀሳቀስ መሆን አለመሆኑ ውጤቱን ይወስናሉ። እነዚህ ሁሉ ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ ሊለካ የሚችል ነገር ደግሞ አስቀድሞ ሊሰላ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን እንደሚያጡ አመልክቷል። መገልበጥ ከአደጋ ዓይነቶች መካከል አስከፊው ነው፤ ተሳፋሪ ከመቀመጫው ይወረወራል፣ ጭነት በሰው ላይ ይወድቃል፣ ተሽከርካሪውም ከመንገድ ወጥቶ ወደ ገደል ሊገባ ይችላል። ይህ ማብራሪያ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን፣ ለአሽከርካሪዎች፣ ለጫኞችና ለመንገድ ባለሙያዎችም ምን እንደሚጠቅም ያስረዳል።

የአካባቢው መንገድና ጭነት

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ በመባል ትታወቅ የነበረችው ጭሮ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጨርጨር ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ትገኛለች። ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚያመራው መንገድ በሚኤሶና በአሰቦት ቆላ ካለፈ በኋላ ወደ ጭሮ ይወጣል፤ ከዚያም የተራራውን ጀርባ ተከትሎ በሂርና በኩል ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ ይዘልቃል። ከጭሮ ወደ ደቡብ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ ወደ በዴሳ፣ ገለምሶና መቻራ ይወስዳል። ዳገት፣ ቁልቁለትና ተከታታይ ኩርባ የእነዚህ መንገዶች መለያ ናቸው።

በመንገዶቹ ላይ የሚመላለሰው ጭነትም የራሱ ጠባይ አለው። ጫት ቶሎ የሚጠወልግ በመሆኑ ባለመኪናውን ያጣድፋል፤ መጠኑም ሰፊ ስለሆነ ወደ ላይ ይቆለላል። በስሙ የታወቀው የሐረር ሰንጋ ቆሞ የሚጓዝ፣ በየኩርባው ክብደቱን ከእግር ወደ እግር የሚያዛውር ጭነት ነው። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ማሽላና ቡና በጆንያ ተደርድረው ከስፖንዳ በላይ ይወጣሉ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ለሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል በዓል ደግሞ ከመሐል አገር የሚመጡ ምዕመናን በአውቶቡስና በሚኒባስ በዚሁ መንገድ ያልፋሉ፤ ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች መካከል ፖርቶ መጋላቸው በጓዝ የተሞላ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ክብደቱ ከመሬት ከፍ ያለ መሆኑ ነው።

ከመርከብ የተወረሰ ዕውቀት

ወደ ጎን ማዘንበልንና መገልበጥን አስቀድሞ የማስላት ሙያ የተጀመረው በመኪና ሳይሆን በመርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1628 ቫሳ የተባለው የስዊድን የጦር መርከብ ከመነሣቱ በፊት 30 ያህል መርከበኞች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ እንዲፈትሹት ተደርጎ ነበር። መርከቡ በአደገኛ ሁኔታ መዋዠቅ ሲጀምር ሙከራው ተቋረጠ፤ ይሁንና መርከቡ እንዲጓዝ ተፈቀደ። በመጀመሪያው ጉዞው ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ ጥቂት ርቀት እንደሄደ ነፋስ አዘንብሎት ሰጠመ። ምክንያቱ የላይኛው ክፍል ክብደት ከመጠን በላይ መሆኑ ነበር። ምልክቱ አስቀድሞ ታይቷል፤ የጎደለው በምልክቱ መሠረት መወሰን ነበር።

ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ እ.ኤ.አ. በ1746 ባሳተመው መጽሐፍ የመርከብ የስበት ማዕከል ከየትኛው ከፍታ በላይ ሲወጣ መርከቡ መልሶ መቆም እንደማይችል በስሌት አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ወደ ፈጣን የሞተር ጀልባዎች ተሻገረ። እንዲህ ያለ ጀልባ በዝግታ ሲጓዝ የሚሸከመው የገፋው ውኃ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ከሥሩ የሚመታው ውኃ ወደ ላይ ያነሣውና በውኃው ገጽ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ውኃን የሚነካው ክፍል ስለሚቀንስ ካዘነበለበት የሚመልሰው ኃይልም ይለወጣል። በመሆኑም ወደብ ላይ ቆሞ የተረጋጋ ጀልባ በፍጥነት ሲጓዝ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሊቀር ወይም ከጎን ወደ ጎን ሊዋዥቅ ይችላል። ዳንኤል ሳቪትስኪ እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተመው ውኃ ጀልባውን የሚያነሣበትን ኃይል የማስላት ዘዴ እስከ ዛሬ በንድፍ ሥራ ላይ ያገለግላል፤ የጎን ዝንባሌን ከሚተነብዩ ዘዴዎች አንዳንዶቹም በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ከዚህ ለመንገድ ትራንስፖርት የሚተርፉ ሦስት ትምህርቶች አሉ። አንደኛ፣ ቆሞ መረጋጋት በጉዞ ላይ ለመረጋጋት ማረጋገጫ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ክብደት ከፍ ባለ ቁጥር መልሶ የመቆም አቅም ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ በውስጥ የሚንቀሳቀስ ጭነት ወደ አዘነበለበት ጎን እየሄደ ዝንባሌውን ያባብሳል።

የስሌቱ መሠረት

ተሽከርካሪ ኩርባ ሲዞር ወደ ኩርባው ውጭ የሚገፋ ኃይል ያርፍበታል። ኃይሉ የሚያርፈው በስበት ማዕከሉ ላይ፣ ማለትም የመኪናውና የጭነቱ ክብደት በአንድነት እንደተሰበሰበ በሚቆጠርበት ነጥብ ላይ ነው። ነጥቡ ከመሬት ከፍ ባለ ቁጥር ኃይሉ መኪናውን ለመገልበጥ እንደ ረጅም ዘንግ ያገለግለዋል። ይህን የሚቋቋመው የተሽከርካሪው ክብደት ሲሆን፣ አቅሙ የሚለካው ከመኪናው መሐል እስከ ውጭኛው ጎማ ባለው ርቀት ነው።

ስለዚህ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ግማሽ ለስበት ማዕከሉ ከፍታ ሲካፈል የመረጋጋት ምጥጥን ይገኛል። ለምሳሌ ምጥጥኑ 0.5 ከሆነ፣ የጎን ግፊቱ የተሽከርካሪውን ክብደት ግማሽ ሲያክል የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ይነሣል ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ይህንኑ ምጥጥን እ.ኤ.አ. ከ2001 ሞዴል ጀምሮ አነስተኛ ተሽከርካሪዎችን ለመመዘን ተጠቅሞበታል። የቤት አውቶሞቢሎች ምጥጥን በአብዛኛው ከ1.3 በላይ ሲሆን፣ የተጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች በተግባር የሚገለበጡበት የጎን ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ከክብደታቸው 0.4 እጅ በታች ነው። በቤት አውቶሞቢል በምቾት የሚታለፍ ኩርባ ለተጫነ የጭነት መኪና መገልበጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመገልበጫው ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት የሚገኘው በሚከተለው መንገድ ነው። የኩርባው ራዲየስ በሜትር ተለክቶ በመረጋጋት ምጥጥኑ ይባዛል፤ የውጤቱ ካሬ ሥር ይወሰዳል፤ ከዚያም በ11.3 ይባዛል። የጎን ግፊቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፍጥነት ከ40 ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲል በሩብ ይጨምራል፤ የጎን ግፊቱ ግን ከግማሽ በላይ ያድጋል።

አንድ መኪና፣ ሦስት ጭነቶች

የሚከተለው ምሳሌ ስሌቱን ለማሳየት የቀረበ ነው። ባዶ ክብደቱ 3 ቶን፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ 0.8 ሜትር፣ የጎማዎቹ ስፋት 1.6 ሜትር የሆነ መካከለኛ የጭነት መኪና 4 ቶን ጭኗል እንበል። የጋራው የስበት ማዕከል የሚገኘው የመኪናውና የጭነቱ ክብደት እያንዳንዱ በየከፍታው ተባዝቶ፣ ድምሩ ለጠቅላላው 7 ቶን ሲካፈል ነው።

በመጀመሪያው ጉዞ ጭነቱ ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ የተደረደረ ሲሚንቶ ነው፤ የጭነቱ ማዕከል ከመሬት 1.2 ሜትር ነው። የጋራው ማዕከል 1.03 ሜትር፣ ምጥጥኑ 0.78 ይሆናል። ራዲየሱ 25 ሜትር በሆነ ጠባብ ኩርባ ላይ የመገልበጫው ፍጥነት 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው።

በሁለተኛው ጉዞ ጭነቱ የቆሙ ሰንጋዎች ናቸው፤ የጭነቱ ማዕከል 1.8 ሜትር ነው። የጋራው ማዕከል ወደ 1.37 ሜትር ከፍ ይላል፣ ምጥጥኑ ወደ 0.58 ይወርዳል፣ የመገልበጫው ፍጥነትም 43 ይሆናል።

በሦስተኛው ጉዞ ጭነቱ ከስፖንዳ በላይ የተቆለለ ጆንያ ነው፤ የጭነቱ ማዕከል 2.1 ሜትር ነው። የጋራው ማዕከል 1.54 ሜትር፣ ምጥጥኑ 0.52፣ የመገልበጫው ፍጥነት 41 ይሆናል።

መኪናው፣ አሽከርካሪው፣ መንገዱና በሚዛን የሚታየው ክብደት አንድ ናቸው። ልዩነቱ የአደራደሩ ከፍታ ብቻ ነው። ሲሚንቶ ጭኖ በ45 ያለፈ አሽከርካሪ ሰንጋ ጭኖ በዚያው ፍጥነት ሲመለስ በዚያው ኩርባ ላይ ይገለበጣል። ልምድ ብቻውን መመሪያ ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው።

ስሌቱ የማይዛቸው ነገሮች

ከላይ የተገኙት ፍጥነቶች ከፍተኛ ወሰኖች እንጂ የሚፈቀዱ ፍጥነቶች አይደሉም። ስሌቱ መኪናውን እንደ ድፍን አካል ይቆጥረዋል፤ በተግባር ግን የሚከተሉት ምክንያቶች ወሰኑን ዝቅ ያደርጉታል።

የባሌስትራና የጎማ መተጣጠፍ፦ መኪናው ሲዞር የውጭው ባሌስትራ ይጫናል፣ ጎማው ይጎብጣል፣ አካሉ ያዘነብላል። የስበት ማዕከሉም ወደ ውጭኛው ጎማ ስለሚጠጋ የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ባሌስትራው የደከመ ወይም ጎማው በቂ ነፋስ የሌለው መኪና ቀድሞ ይገለበጣል።

የሚንቀሳቀስ ጭነት፦ ሰንጋ፣ ያልታሰረ ጆንያ፣ እንዲሁም በጎዶሎ የተሞላ ፈሳሽ ወደ ኩርባው ውጭ ይሄዳሉ። በቦቴ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ የሚደረገውን መናወጥ የሚያቋርጡ ግድግዳዎች የጎን መናወጡን አያስቆሙም። በመሆኑም በግማሽ የተሞላ ቦቴ ከሙሉው ይልቅ ክብደቱ አነስተኛ ቢሆንም የበለጠ አስተማማኝ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ተከታታይ ኩርባ፦ ወደ ግራ ከታጠፈ በኋላ ወዲያውኑ ወደ ቀኝ በሚታጠፍ መንገድ ላይ መኪናው ከመጀመሪያው ዝንባሌ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል። የተጠራቀመው መወዛወዝ በአዲሱ ግፊት ላይ ይደመራል። ተሳቢ ያለው መኪና ሲሆን የፊተኛው አካል ትንሽ ሲወዛወዝ የኋለኛው ይበልጥ ይወዛወዛል፤ አሽከርካሪውም ሳይሰማው ተሳቢው ሊነሣ ይችላል።

የመንገዱ ዝንባሌ፦ ኩርባው ወደ ውስጥ 6 በመቶ ያዘነበለ ከሆነ የምጥጥኑ ጣራ በ0.06 ገደማ ከፍ ይላል፤ ወደ ውጭ ካዘነበለ በዚያው መጠን ይወርዳል። ከላይ የተጠቀሰው 0.52 ወደ 0.46 ይወርዳል ማለት ነው።

የመንገድ ዳርና መሰናክል፦ በእርጥብ አስፋልት ወይም በጠጠር መንገድ ላይ ጎማ መሬት የመያዝ አቅሙ ከምጥጥኑ ካነሰ መኪናው ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። እየተንሸራተተ ሳለ ጎማው ለስላሳ የመንገድ ዳር፣ ቦይ ወይም ድንጋይ ካገኘ ግን በዝቅተኛ ፍጥነትም ይገለበጣል።

በእነዚህ ምክንያቶች ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር ከተሰላው ፍጥነት 0.7 እጁን ብቻ መጠቀም ነው። ይህም የጎን ግፊቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። በምሳሌው ኩርባ ላይ ለሲሚንቶው 35፣ ለሰንጋው 30፣ ለተቆለለው ጆንያ 29 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል።

ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ

በጭሮና በዞኑ ከተሞች ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠው ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለው የሚገለበጠው በግራና በቀኝ ቀጥታ መስመር ሳይሆን፣ የፊተኛውን ጎማ ከኋለኛው ጎማ ጋር በሚያገናኘው ሰያፍ መስመር ላይ ነው። ክብደት ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ወደዚህ መስመር ይጠጋል።

የኋላ ጎማዎቹ ስፋት 1.15 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ 0.65 ሜትር ቢሆን፣ አራት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ምጥጥኑ 0.88 ይሆን ነበር። ክብደቱ ከፊተኛው ጎማ ተነሥቶ ወደ ኋለኛው ካለው ርቀት 65 በመቶው ላይ ያረፈ ባጃጅ ግን ምጥጥኑ 0.57 ነው። ከሾፌሩ ጎን ተጨማሪ ሰው ተቀምጦ ክብደቱ ወደ 55 በመቶው ሲመጣ 0.49 ይሆናል። ራዲየሱ 10 ሜትር በሆነ የመንደር መታጠፊያ ላይ የመገልበጫው ፍጥነት በቅደም ተከተል 34፣ 27 እና 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። እየታጠፉ ፍሬን መያዝም ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚያመጣ ተመሳሳይ ውጤት አለው። ከሾፌሩ ጎን ሰው አለማስቀመጥ እና ከመታጠፍ በፊት ፍጥነትን መቀነስ አስፈላጊ የሚሆኑት ከዚህ የተነሣ ነው።

የኩርባን ራዲየስ መለካት

የመንገድ ባለሙያዎችና የትራፊክ ደኅንነት ኮሚቴዎች የአንድን ኩርባ ራዲየስ በገመድና በሜትር ሊለኩ ይችላሉ። ትራፊክ በሚቆምበት ወይም በተጠባባቂ በሚጠበቅበት ሰዓት በኩርባው የውስጥ ጠርዝ ላይ ሁለት ነጥቦች ይመረጡና በመካከላቸው ቀጥ ያለ ገመድ ይወጠራል። ከገመዱ መሐል እስከ መንገዱ ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። የገመዱ ርዝመት በራሱ ተባዝቶ ለተለካው ርቀት 8 እጥፍ ይካፈላል፤ በውጤቱ ላይ የርቀቱ ግማሽ ይደመራል። ለምሳሌ ገመዱ 20 ሜትር፣ ርቀቱ 2 ሜትር ከሆነ 400 ለ16 ተካፍሎ 25 ይሆናል፤ 1 ሲደመር ራዲየሱ 26 ሜትር ነው። ልኬቱ በየኩርባው ተመዝግቦ ሲቀመጥ የፍጥነት ማሳሰቢያ ምልክት የት መተከል እንዳለበት ለመወሰን ይረዳል።

በሙከራ ማረጋገጥ

የተሽከርካሪን የመረጋጋት መጠን በሙከራ ለማወቅ በሚያዘነብል መድረክ ላይ አቁሞ ጎማው የሚነሣበትን ዲግሪ መለካት የተለመደ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 111 ቦቴዎች ተሞልተው በሁለቱም ጎን እስከ 23 ዲግሪ ሲያዘነብሉ እንዳይገለበጡ ይጠይቃል፤ ይህም ከ0.42 ምጥጥን ጋር ይመጣጠናል። አውቶቡሶችን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 107 ደግሞ 28 ዲግሪን መመዘኛ አድርጓል። ዘመናዊ ተሽከርካሪዎች የሚገጠምላቸው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የጎን ግፊቱን እየለካ ፍሬን ሊይዝ ይችላል። መሣሪያው ጊዜ ይገዛል እንጂ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ የተጫነን ጭነት ዝቅ አያደርግም።

ከጉዞ በፊትና በጉዞ ላይ

ጫኞችና ባለንብረቶች ከባዱን ከሥር፣ ቀላሉን ከላይ ማድረግ፣ ክብደቱን በግራና በቀኝ ማመጣጠን፣ ጭነቱን በገመድ ማሰርና በሸራ ማጠባበቅ ይገባቸዋል። ከብቶች ሲጫኑ የሚወዛወዙበት ክፍት ቦታ እንዳይኖር በአግዳሚ እንጨት መከፋፈል ይጠቅማል። በጭነት ላይ ሰው መጫን ተሳፋሪውን ለሞት ከማጋለጡ ባሻገር የስበት ማዕከሉን ከፍ ያደርጋል።

አሽከርካሪዎች ፍጥነት መቀነስ ያለባቸው ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከመግባታቸው በፊት ነው። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ እንደሚወርደው ባለ ቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ ይዞ መውረድ ፍሬን እንዳይግልና ፍጥነት ከቁጥጥር ውጭ እንዳይሆን ይከላከላል፤ ማርሽ ፈትቶ በዜሮ መውረድ የተሰላውን ወሰን ሁሉ ትርጉም ያሳጣዋል። ጎማ ከአስፋልቱ ጠርዝ ከወረደ መሪን በኃይል ከመጠምዘዝ ይልቅ ፍጥነትን ቀስ በቀስ ቀንሶ መመለስ ይገባል።

በጥንቃቄ ማለፍ የሚያስከፍለው ጊዜም ሊሰላ ይችላል። 50 ሜትር ርዝመት ያለውን ኩርባ በ41 ፋንታ በ29 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለፍ ከ2 ሰከንድ ያነሰ ጭማሪ ነው። በአንድ ጉዞ 100 እንዲህ ያሉ ኩርባዎች ቢኖሩ ልዩነቱ 3 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ፍጥነት ለመቀነስና መልሶ ለመጨመር የሚወስደው ጊዜ ቢታከልበትም በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ለገበያ የሚቸኩል ጭነት ይህን ያህል ጊዜ ሊታገሥ ይችላል።